ሳይረጩ የሚያምር ጽጌረዳ፦ ፈንገስ የማይደፍረውን ተክል ማዳቀል

ማዳቀል መጀመር የሚፈልጉ ሰዎች ቶሎ የሚጠይቁኝ ስለ ወረንጦውና ስለ አበባው ብናኝ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ትረጫላችሁ? የምትረጩ ከሆነ ማዳቀሉን ለጊዜው ተዉት። የሚረጭ ሰው ከተክሎቹ የትኛው ጠንካራ፣ የትኛው ልፍስፍስ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ሁሉም እኩል አረንጓዴ ናቸው። ጤንነቱ ግን የተክሉ ሳይሆን የጠርሙሱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ እርጥብ ወቅት ምንም ሳትረጩ ተመልከቱ። ያሳዝናል፤ አውቃለሁ። ቅጠሉ ሙልጭ ብሎ ረግፎ እንጨቱ ብቻ የሚቀር ተክል ይኖራል። እሱን ተዉት። በዚያ ሁሉ መሃል ቅጠሉን ይዞ የቆመውን ፈልጉ። ወላጅ የሚሆነው እሱ ነው።

እኔ የምውለው ከጽጌረዳ ጋር ነው፤ ጥቂት የአፕል ዛፎችም አሉኝ። ስለዚህ አብዛኛው ምሳሌዬ ከጽጌረዳ ነው። ነገሩ ግን ለወይንም፣ ለአፕልም፣ ለሌላውም አበባ ብዙ አይለይም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጽጌረዳን የሚያሰቃዩት ዋና ዋናዎቹ ፈንገሶች ሦስት ናቸው፦ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ዱቄት መሳይ ሻጋታ እና ዋግ። ፀባያቸው ለየቅል ነው። ዲፕሎካርፖን ሮዜ የሚባለው የጥቁር ነጠብጣብ ፈንገስ ውሃ ይፈልጋል። ቅጠሉ ረጥቦ 7 ሰዓት ያህል ከቆየ ስፖሩ (የፈንገሱ ዘር መሳይ ቅንጣት) በቅሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጠርዙ የተበጣጠሰ ጥቁር ክብ ይወጣል፣ ዙሪያው ይቢጫል፣ ቅጠሉ ይረግፋል። ዱቄት መሳይ ሻጋታ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቅጠል ላይ የተኛ ውሃ አይመቸውም። ሌሊቱ እርጥበት አዘል፣ ቀኑ ደረቅና ሞቃት ሲሆን ነው የሚፈነጭበት። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በደረቅ ወቅት ንጹሕ የነበረ ጽጌረዳ ጥቁር ነጠብጣብን ተቋቁሟል ማለት አይቻልም። ገና አልተገናኙም። አንዱን በሽታ የሚችል ተክልም ለሌላው ምንም ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱን ለብቻ ነው መፈተን ያለባችሁ።

ወላጅ ፍለጋ

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ ለምርጫው ይጠቅማል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፔርኔ-ዱሼ ሮዛ ፌቲዳ ከተባለችው ቢጫ ጽጌረዳ አዳቅሎ በ1900 ‹ሶሌይ ዶር›ን ለገበያ አወጣ። የዛሬዎቹ ደማቅ ቢጫና ብርቱካናማ የአትክልት ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ ቀለማቸውን ያገኙት በዚያ መስመር ነው። ችግሩ ፌቲዳ ለጥቁር ነጠብጣብ በጣም ተጋላጭ መሆኗ ነው። ቀለሙ ሲመጣ በሽታውም አብሮ ገባ። ስለዚህ የምታምር ቢጫ ጽጌረዳ ስታዩ ቶሎ አትሸነፉ። የታችኛውን ቅጠሏን እዩ።

ጥንካሬው ያለው በዱር ዝርያዎቹ ዘንድ ነው። ሮዛ ሩጎሳ፣ ሮዛ ዊቹራና፣ ሮዛ መልቲፍሎራ ጥሩ ምንጮች ናቸው። ከመልቲፍሎራ የተገኘው አርዲአር1 የሚባለው ጂን ለጥቁር ነጠብጣብ በደንብ ከተጠኑት አንዱ ነው። ግን አንድ እንቅፋት አለ። እነዚህ ዝርያዎች 14 ክሮሞሶም ነው ያላቸው፤ አብዛኞቹ የአትክልት ጽጌረዳዎች 28 አላቸው። ሲዳቀሉ 21 ይሆናል። 21 ያለው ተክል ራሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ መውለድ ግን ብዙ ጊዜ ይቸግረዋል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኮርዴስ ከዚህ የወጣው በዕድል ነው፤ ዕድሉን ለይቶ ማየቱ ግን የእሱ ችሎታ ነው። የሩጎሳና የዊቹራና ዲቃላ የሆነችው ‹ማክስ ግራፍ› መካን ልትባል የምትችል ነበረች። ከእሷ ዘር ክሮሞሶሙ በራሱ የተደገመ ችግኝ በቀለለትና ከአትክልት ጽጌረዳዎች ጋር መዳቀል ተቻለ። ዛሬ ሮዛ ኮርዴሲ የምትባለው እሷ ናት።

ሌላም አለ። ደጋግሞ የማበብ ባሕርይ ከሁለቱም ወላጅ ካልመጣ አይታይም። በዓመት አንዴ ከሚያብብ የዱር ዝርያ ጋር ካዳቀላችሁ የመጀመሪያዎቹ ልጆች እነሱም አንዴ ብቻ ነው የሚያብቡት። ለማየትም ሁለተኛ ዓመት ድረስ መጠበቅ አለባችሁ። ደጋግሞ ማበቡን ለመመለስ ሌላ ትውልድ ይጠይቃል።

በዚህ ምክንያት ለጀማሪ የዱር ዝርያን አልመክርም። ሌሎች ያንን መንገድ አልፈው ያመጡልን አሉ። ጀርመን ውስጥ አዲስ ጽጌረዳ የሚፈተንበት ኤዲአር የተባለ ምዘና አለ። ከ1997 ጀምሮ በመስኩ ላይ ፀረ ፈንገስ አይረጭም። ያንን ማለፍ ማለት ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የአዮዋው ግሪፊዝ ባክም መድኃኒት ሳይረጭ፣ የሞተው ይሙት ብሎ ያዳቀለ ሰው ነው። የእሱ ‹ኬርፍሪ ቢውቲ› በ1977 ወጣች፤ በኋላ በ2000 ገበያውን ያጥለቀለቀችው ‹ኖክ አውት› ከእሷ የዘር ሐረግ ናት። ከእነዚህ ዓይነት ተክሎች ጀምሩ።

ሁለት ጤነኛ ወላጆች ስትመርጡ ደግሞ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ። የጥንካሬያቸው ምንጭ የተለያየ ይሁን። ለምን እንደሆነ ወደ አፕሉ ስንደርስ ግልጽ ይሆናል።

አንድ የሕግ ነገር፦ አዲስ ዝርያዎች ብዙ ጊዜ የአዳቃይ መብት አላቸው። ዩፖቭ በሚባለው፣ አዲስ የዕፅዋት ዝርያዎችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የተጠበቀን ዝርያ ለማዳቀል ወላጅ ማድረግ ይፈቀዳል። ያንኑ ዝርያ ቆርጦ እያባዙ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአገራችሁን ሕግ እዩ።

ወረንጦና ብናኝ

ይህ ክፍል ሁሉም የሚጓጓለት ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ቀላሉ ነው።

ከአባትየው ጀምሩ። ሊከፈት የደረሰ አበባ ቁረጡ፣ የአበባ ቅጠሎቹን ንቀሉ፣ ብናኝ የያዙትን ትንንሽ ቢጫ ከረጢቶች በጥፍር መቁረጫ ወይም በትንሽ መቀስ ወረቀት ላይ አራግፉ። ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ቦታ አንድ ቀን ይደር። ከረጢቶቹ ተሰንጥቀው ቢጫ ብናኝ ይወጣል። በትንሽ ጠርሙስ ከድናችሁ ስሙን ጻፉበት። ደረቅ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ለሳምንታት ይቆያል።

እናትየዋ ላይ ሊፈካ አንድ ቀን የቀረው እንቡጥ ፈልጉ። ከተከፈተ ንብ ቀድማችኋለች። የአበባ ቅጠሎቹን ሁሉ ንቀሉ። የወንዴ ከረጢቶቹን አንድም ሳይቀር በወረንጦ ልቀሙ። መሃል ላይ የሚቀረው የሴቴዎቹ ጭፍራ ነው። በወረቀት ከረጢት ወይም በፎይል ቆብ ሸፍኑት። ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ያልበዋል። በማግስቱ ጫፎቹ ሲጣበቁ ብናኙን በጣት ወይም በትንሽ ቡሩሽ ቀቡ። በሚቀጥለው ቀን ድገሙት። መልሳችሁ ሸፍኑ።

መለያው ላይ እናት ትቀድማለች፣ ከዚያ የማባዛት ምልክት፣ ከዚያ አባት። በእርሳስ ጻፉ። የማርከር ቀለም ፀሐይ ይበላዋል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሳታውቁ ትቀራላችሁ። ንጹሕ ችግኝ አግኝቶ ወላጆቹን አለማወቅ ያንገበግባል።

ከያዘ ከሁለት ሳምንት በኋላ የአበባው መቀመጫ አረንጓዴ ሆኖ ያብጣል። ካልያዘ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ፍሬው ለመብሰል 4 ወር ገደማ ይወስዳል። ሲቀላ ወይም ብርቱካናማ ሲሆን ቆርጣችሁ ዘሩን አውጡ። ሥጋው እንዳይበቅል ስለሚከለክለው በደንብ እጠቡት። እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት፣ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ አካባቢ ከ2 እስከ 3 ወር አስቀምጡ። አልፎ አልፎ ሻጋታ መያዙን እዩ። ከዚያ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ዝሩ። ሁሉም አይበቅልም፤ የሚበቅለውም እኩል አይወጣም። ደጋግመው ከሚያብቡ ወላጆች የተገኙ ችግኞች ግን በቅለው ሁለት ወር ሳይሞላቸው የመጀመሪያዋን አበባ ያሳያሉ። ያቺ አበባ ታታልላለች። ቆንጆ ስለሆነች ብቻ የታመመውን ችግኝ አታትርፉ።

ገና እንደበቀሉ አንገታቸው ላይ በስብሶ የሚጥላቸው በሽታ አለ። እሱን እንደ ፈተና አትቁጠሩት። ንጹሕ አፈርና ልከኛ ውሃ ነው መፍትሔው። የጎልማሳ ቅጠል ጥንካሬን አይነግራችሁም።

በሽታውን ወደ ቤት መጥራት

ዋናው ሥራ እዚህ ይጀምራል። ጥሩ አትክልተኛ ቅጠሉ እንዳይረጥብ ይጠነቀቃል፣ ተክሎቹን ያራርቃል፣ የታመመ ቅጠል ለቅሞ ያስወግዳል። እናንተ ይህን ሁሉ ገልብጣችሁ ነው የምትሠሩት። ችግኞቹን አቀራርቡ። ውሃውን ከላይ፣ አመሻሽ ላይ አርከፍክፉ፤ ቅጠሉ ሌሊቱን ረጥቦ ይደር። በየረድፉ መሃል በሽታ የማያጣውን፣ እንዳያችሁት የሚያስጠላችሁን ዓይነት ትከሉ። እሱ አስተላላፊ ነው። እሱ ካልታመመ ሌሎቹ ንጹሕ መሆናቸው ምንም አያረጋግጥም።

‹ኖክ አውት›ን ያዳቀለው ዊልያም ራድለር የታመሙ ቅጠሎችን ሰብስቦ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ ነበር ችግኞቹ ላይ የሚበትነው። ከዚያ ከላይ ውሃ ያዘንብባቸዋል። እኔ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ አራግፌ አጥልዬ እረጨዋለሁ። የሚወጣው ውሃ ትንሽ ይደፈርሳል። ምሽት ላይ ረጭቼ እስከ ማግስቱ በፕላስቲክ እሸፍናለሁ። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል።

የታመመውን ቅጠል ከአንድ ግቢ ብቻ አትልቀሙ። የጥቁር ነጠብጣብ ፈንገስ ብዙ ዘሮች (ንዑስ ዓይነቶች) አሉት፤ ተመራማሪዎች ከአሥር በላይ ለይተዋል። ለአንዱ የማይበገር ተክል በሌላው ሊወድቅ ይችላል። ከአካባቢያችሁ ከተለያዩ ግቢዎችና ከተለያዩ ጽጌረዳዎች አቀላቅሉ። ከሌላ አገር ግን የታመመ ተክል እንዳታስገቡ። ሕገወጥ ነው፤ ለጎረቤትም ጠንቅ ነው።

ቦታ የሌለው ሰው በሣጥን መፈተን ይችላል። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ወጣት ቅጠል ቆርጣችሁ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ እርጥብ ወረቀት ላይ አስተኙ። የስፖሩን ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት። በ20 ዲግሪ ገደማ አስቀምጡና በአጉሊ መነጽር ተከታተሉ። ጥሩ ማጣሪያ ነው፤ የመጨረሻ ዳኛ ግን አይደለም። ሣጥን ውስጥ ያለፈ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ውጤት ስትመዘግቡ ቀላል መለኪያ ይበቃል። ከ0 እስከ 5 አድርጉት፤ 0 ምንም የለም፣ 5 ቅጠሉ ረግፏል። የሚታየው ቦታ ከታች፣ ወደ ውስጥ ያለው ቅጠል ነው። በላይ ያለው አዲስ ቅጠል ሁልጊዜ ያምራል። በወቅቱ ውስጥ ደጋግማችሁ መዝግቡ፤ አንድ ቀን የታየ ነገር አያስተማምንም።

ከዚያ መንቀል ነው። በመጀመሪያው ዓመት 4 እና 5 ያገኘውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ አስወግዱ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው አዳቃይ ሳይሆን ሰብሳቢ ነው የሚሆነው፤ እሱም ክፉ አይደለም፣ ግን ሌላ ሥራ ነው። የቀረውን ግን ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳታዩ ስም አትስጡት። በመጀመሪያው ዓመት ንጹሕ ሆነው በሁለተኛው የሚንኮታኮቱ ብዙ ናቸው።

0 ያገኘ ሁሉ አሸናፊ ነው?

እኔ አይደለም ባይ ነኝ። መቋቋም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በአንድ ጠንካራ ጂን የሚመጣ ሙሉ መከላከያ ነው፤ አንዲት ነጠብጣብ አይታይበትም። ወላጁ ያንን ጂን በአንድ ቅጂ ብቻ ከያዘ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል፤ ለአዳቃይ ምቹ ነው። ሌላው በብዙ ትንንሽ ጂኖች የሚመጣ ነው። ተክሉ ይያዛል፣ ግን በሽታው ያዘግማል፤ ቅጠሉ አይረግፍም። ደቡብ አፍሪካዊው የዕፅዋት በሽታ ሊቅ ቫንደርፕላንክ የመጀመሪያውን ቀጥ ያለ፣ ሁለተኛውን አግድም መቋቋም ብሎ ለያቸው።

የመጀመሪያው የሚያስከፍለውን የአፕል ሰዎች ያውቁታል። የአፕል እከክ (ቬንቱሪያ ኢኔኳሊስ) የሚባለውን በሽታ ለማሸነፍ በ1914 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ‹ሮም ቢውቲ› የተባለው አፕል ከማሉስ ፍሎሪቡንዳ 821 ጋር ተዳቀለ። የፍሎሪቡንዳ ፍሬ ስፋቷ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጥንካሬዋን ይዞ ፍሬው የሚበላ እንዲሆን ልጆቹን ደጋግሞ ከጥሩ አፕሎች ጋር ማዳቀል አስፈለገ። የፑርዱ፣ የራትገርስና የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው የሠሩበት የመጀመሪያው ዓይነት ‹ፕሪማ› የወጣው በ1970 ነው። 56 ዓመት! ከዚያ በኋላ በብዙ አገር የወጡ እከክ የማይነካቸው አፕሎች አብዛኞቹ ያንኑ አንድ ጂን ተሸከሙ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ውስጥ አሬንስቡርግ ላይ ያንን ጂን የሚያልፍ የፈንገስ ዘር ተገኘ። በወይን ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ‹ቢያንካ› የተባለችው ወይን የምትመካበትን ጂን የሚያልፍ ዘር ቼክ ውስጥ ተገኝቷል።

ለዚህ ነው ወላጆቹ ከተለያየ ምንጭ ይሁኑ ያልኩት። አሁን ተቋማት በዲኤንኤ ምርመራ ሁለት ሦስት ጂኖችን በአንድ ተክል ላይ ይደራርባሉ። እኛ ያ መሣሪያ ባይኖረንም ሐሳቡን መውሰድ እንችላለን። ንጹሑን 0 ከሌላ መስመር ከመጣ 1 ወይም 2 ጋር አዳቅሉት። በየዓመቱ ጥቂት ነጠብጣብ ይዞ ቅጠሉን የማይለቅ ተክል እኔ ዘንድ ትልቅ ክብር አለው።

አንዱን በሽታ ማሸነፍ ሁሉንም ማሸነፍ እንዳልሆነም አትርሱ። ‹ኖክ አውት› በጥቁር ነጠብጣብ ላይ ስሟን ገነባች፤ ሚት በሚባሉ ጥቃቅን የሸረሪት ዘመዶች የሚተላለፈው ሮዝ ሮዜት የሚባል የቫይረስ በሽታ ግን ይጥላታል።

ጽጌረዳ ለማይወድ ሰው

አፕል ላይ አበባው ሰፋ ያለ ስለሆነ ማዳቀሉ ይቀላል። አብዛኞቹ ዓይነቶች በራሳቸው ብናኝ ፍሬ አይዙም፤ ዋናው ንብን መከላከል ነው። ዘሩ እንደ ጽጌረዳው ከ2 እስከ 3 ወር ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ደስ የሚለው የእከክን ፈተና ገና ጥቂት ቅጠል ሲያወጡ ማድረግ መቻሉ ነው፤ በ20 ዲግሪ ቅጠሉ 9 ሰዓት ያህል ከረጠበ በሽታው ይገባል። አድካሚው ፍሬ መጠበቅ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። ያለፉትን ችግኞች ቅርንጫፍ እንደ ኤም9 ባለ፣ ዛፉን አጭር በሚያደርግ ሥረ ግንድ ላይ ብትቀጥሉ ጊዜው ያጥራል።

ወይን ቶሎ ያፈራል፤ አበባው ግን በጣም ደቃቅ ነው፣ ቆብም አለው። ከረጢቶቹን መልቀም ዓይን ያጠፋል። ሴቴ አበባ ብቻ ያላቸውን ዓይነቶች እናት ማድረግ ይሻላል።

ትዕግሥት ለሌለው ሰው ግን የምመክረው ዚኒያ ነው። ተራዋ ዚኒያ ኤሌጋንስ በዱቄት መሳይ ሻጋታ ትሰቃያለች፤ ቀጭን ቅጠሏ ዚኒያ አንጉስቲፎሊያ አትነካም። ከሁለቱ የተገኘው ‹ፕሮፊውዥን› በ1999 በአሜሪካ የወርቅ ሜዳልያ አግኝቷል። ሁለቱን ዝርያዎች በእጅ ማዳቀል ይከብዳል፤ የክሮሞሶም ቁጥራቸው ይለያያል። ለቤት የሚሆነው መንገድ ይህ ነው፦ ተራዋን ዚኒያ ቅልቅል አድርጋችሁ፣ አጠጋግታችሁ፣ ብዙ ዝሩ። አትርጩ። ነጭ የለበሰውን ሳያብብ ንቀሉ። ማዳቀሉን ለንቦችና ለቢራቢሮዎች ተዉላቸው። በመጨረሻ ንጹሕ ሆኖ የቀረውን ዘሩን ይዛችሁ በሚቀጥለው ወቅት ድገሙት።

ሦስት ዓመት ያለፈ ጽጌረዳ ካገኛችሁ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አባዙት። በራሱ ሥርም፣ በሌላ ሥረ ግንድ ላይም እዩት። ከዚያ የአየር ጠባዩ ከእናንተ በሚለይ ቦታ ለሚኖሩ ሰዎች ስጡ። እንዳይረጩ አደራ በሏቸው። ፎቶ ሲልኩላችሁ የሚልኩት የአበባውን ነው፤ የሁሉም ሰው ፀባይ ነው። እናንተ ግን በእርጥቡ ወቅት ማብቂያ ላይ የተነሳ፣ ከጉልበት በታች ያለውን ቅጠል ፎቶ ጠይቁ።